የኦፍሃንድ ሁለተኛ ትርጉም

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ ከመሥሪያ ቤታቸው መጻሕፍት ክፍል፣ ከመሰላሉ ሥር ሞተው ተገኙ። የመሰላሉ አንድ መርገጫ ለሁለት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ «ወዲያው አልሞቱም፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተዋል» አለ።

ባልደረቦቿ «ዝግታ» የሚሏት መርማሪ የሟችን ጠረጴዛ ቆም ብላ አየች። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ኦፍሃንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ሳይዘጋጁ፣ ሳያስቡ፣ አፍ ላይ እንደመጣ» ብለው ፈትተውታል። ከጎኑ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አለ፦ «ሁለተኛው ትርጉም ቀርቶሃል። ለሰው ደንታ ማጣትም ማለት ነው። የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ከላይኛው መደርደሪያ አውርደህ እይ።»

ወረቀቱን ገልብጣ አየችና ኪሷ ከተተችው።

ጸሐፊዋ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ስገባ መርገጫው ተሰንጥቆ አየሁና ማስጠንቀቂያ ጽፌ ለጠፍኩበት። ምናለ ከዚያ ክፍል ባወጣው ኖሮ!»

«የሰማሽው ነገር አለ?»

«ማተሚያው ይጮህ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ጋሼ ‹ይሄ መሰላል ይችለኛል?› አሉ። አንድ ሰው ‹ምን ትሆናለህ፣ ውጣ!› አላቸው። ድምፁን አልለየሁትም። ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ። መጽሐፍ መስሎኝ ቀና እንኳን አላልኩም።»

አራሚው የሟች የእህት ልጅ ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«አጎቴ ናቸው ያሳደጉኝ» አለ። «መሰላሉ ሲንቋቋ ሳምንት ሆኖታል። ነገ እጠግነዋለሁ፣ ነገ እጠግነዋለሁ ስል…» ሳይጨርስ ፊቱን አዞረ።

ምክትል አዘጋጁ ከሟች ጋር አብረው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። «እኔ የገባሁት አራት ሰዓት ነው» አሉ። «እሳቸው እኮ ለኔ ወንድም ማለት ነበሩ።»

ከምሳ በኋላ ዝግታ ሦስቱንም መጻሕፍት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ቤት ሟችን ‹አንተ› የሚላቸው ማን ነው?»

ጸሐፊዋና አራሚው ሳያስቡት ወደ ምክትሉ ዞሩ።

«ስንቱን ዘመን አብረን ኖረን፣ አንተ መባባል ወንጀል ሆነ?» አሉ ምክትሉ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ።

«አይደለም። ግን ለኔ ‹እሳቸው› አሉኝ። ማስታወሻውም ‹ቀርቶሃል› ይላል፣ ጸሐፊዋ የሰማችውም ‹ውጣ› ነው።» ወረቀቱን አውጥታ ገለበጠችው። ከጀርባው በትልልቁ በቀይ ተጽፏል፦ «ተሰብሯል! አትውጡ!»

ጸሐፊዋ አፏን ያዘች።

«ይህ ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል የተለጠፈ ነው፤ ሟች የወደቁት ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አራት ሰዓት የገባ ሰው ሟች ያነበቡትን ማስታወሻ ጀርባው ላይ ሊጽፍ አይችልም።»

ምክትሉ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ብጣሽ ወረቀት ፈልጌ ነው የነቀልኩት» አሉ በመጨረሻ። «ምን እንደሚል ልብ አላልኩም። ሲጠይቀኝም ሥራ ላይ ነበርኩ… እንዲያው ከአፌ ወጣ። ልገድለው አስቤ አይደለም!»

«አምንዎታለሁ» አለች ዝግታ። «ሳያስቡ ነቀሉ፣ ሳያስቡ መለሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ታስቦበታል። ወዳጅዎ በሕይወት እያሉ፣ ጸሐፊዋ እንዳታይዎት በጓሮ በር ወጡ፣ አንድ ሰዓት ቆይተው በፊት በር ገቡ።»

«ፈራሁ። ሲወድቅ ነው ቀዩ ጽሑፍ ትዝ ያለኝ። ሰው ጠርቼ ምን እላለሁ?»

አራሚው ተነስቶ ፊታቸው ቆመ። የሚመታቸው መስሏት ዝግታ ጠጋ አለች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦

«እርስዎ በጓሮ በር ሲወጡ አጎቴ ጠርተውዎት ነበር?»

ምክትሉ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሁለት ጊዜ» አሉ። «እናቴ በምትጠራኝ ስም።»