ቢጫዋ ጥይት ከማን ከረጢት ወጣች?

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ቀጥሎ የምተኩሰው ጠመንጃ እጄ ላይ ይፈንዳ። ሴድሪክ ጊልያም እባላለሁ። በሄርፎርድሻየር፣ በፕሮበርት ሜዳ፣ ከመቶ የሸክላ ዒላማ መቶውንም መትቼ በስብርባሪው ደግሞ ሁለት ቁራ የጣልኩ ሰው ነኝ። ይህ ዓይኔ ያየውን የሚጠራጠር ካለ እሱን ይጠራጠሩት።

እሑድ ረፋዱ ላይ ኢንስፔክተር ሄስተር ፕሮሰር ስትደርስ፣ አሠልጣኙ ሊዮናርድ ፕሪስ እርጥቡ ሣር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሞቷል። ኮፍያው ከራሱ አልወረደም። ጠመንጃው ከጎኑ ወድቋል፤ የላይኛው በርሜል ግራ እጁ ይዞት በነበረው ቦታ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተተርትሯል። ውሻችን ታፊ መኪናዬ ውስጥ ሆኖ ያላዝናል።

ፕሮሰር ዓይኗ መርፌ የሚያህል፣ ዝምታዋ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ሴት ነበረች። ሻይ የምንጠጣበት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሦስታችንን በተራ አነጋገረችን፤ የሜዳውን ባለቤት ሞሪስ ፕሮበርትን፣ እኔን፣ እና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ የያዘችውን የመንደሩን አስተማሪ ኢሞጀንን።

ኢሞጀን እጇን ጭኖቿ መሀል ቀርቅራ፣ ሊዮናርድ እንዴት እንዳስተማራት ተናገረች። በመጀመሪያ የትኛው ዓይኗ ይበልጥ አነጣጥሮ እንደሚያይ ፈተናት። ጉንጯን ከሰደፉ እንድታጣብቅ፣ ክብደቷን ወደ ፊተኛው እግሯ እንድትጥል፣ ሸክላውን እንጂ ጠመንጃውን እንዳታይ ነገራት። ዘጠኝ ጊዜ ተኮሰች፤ ሁለት ሸክላ ሰበረች። በአሥረኛው፣ ሸክላው እንዲወረወርላት «ልቀቅ» ብላ ቃታውን ስትስብ ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ዝም አለ።

«ከዚያስ?» አለች ፕሮሰር።

«ከፍቼ ሳየው ባዶ ነው። ጥይት ማጉረሱን የረሳሁ መሰለኝ። ሊዮናርድም እንደዚያ መሰለው። ከእኔ ከረጢት አንድ ቀይ ጥይት አውጥቶ አጎረሰና 'እንዲህ ነው' ብሎ ተኮሰ።»

«በበርሜሉ ውስጥ አሻግሮ አላየም? የሠላሳ ዓመት አሠልጣኝ?»

«ከኋላ የሆነ ሰው 'ሊዮናርድ፣ እያስተማርክ ነው ወይስ እየጸለይክ?' አለው። ሰው ሳቀ። እሱም ቸኮለ።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «የገደልኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ሕፃናት ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ያለው ማነው፣ አቶ ጊልያም?»

ነፋስ ነበር፣ ድምፁን አልለየሁትም አልኳት። በዚያ ቀን የነበረው ነፋስ ላም ያነሳ ነበር። እሷ ግን ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችኝ። በምን ምክንያት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቀጥላ ሣሩ ውስጥ ተንበረከከች። ግማሽ ሰዓት እንደ ዶሮ ስትጭር ቆይታ የጣት ጥፍር የምታህል ቢጫ ፕላስቲክ ይዛ ተነሣች። ከዚያ የኢሞጀንን የወገብ ከረጢት ገለበጠችው፤ ጥይቶቹን ቆጠረች፣ ከሥሩ የወጣውን ፍርፋሪ አሸተተች። ሁላችንንም ጎጆው ውስጥ ሰበሰበችን።

«እዚህ የምትተኩሱ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ» አለች። «የሃያ ቁጥር ጥይት ቢጫ የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ቀጭን ስለሆነች በአሥራ ሁለት ቁጥር ጠመንጃ ስትገባ ተንሸራትታ በርሜሉ ጉሮሮ ላይ ትቀረቀራለች። ለከፈተ ሰው ባዶ ይመስላል። ከኋላዋ ሌላ ጎርሶ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል።»

«ቀለሙ ለጌጥ መስሎኝ ነበር» አለች ኢሞጀን፣ ለራሷ እንደምታወራ።

«ሊሆን ይችላል። አንቺ ጀማሪ ነሽ። ሊዮናርድ የሰጠሽ ሃያ አምስት ቀይ ጥይት ያለበት አዲስ ሣጥን ነው። ዘጠኝ ባዶ ቀለህ ባልዲው ውስጥ አለ፤ አንዱ ጠመንጃው ውስጥ፤ አሥራ አምስቱ ከረጢቱ ውስጥ። ሃያ አምስቱም ተገኙ። ስለዚህ ቢጫዋ ከሣጥኑ አልመጣችም፤ ከረጢቱ ውስጥ ቀድማ ነበረች። የከረጢቱ ባለቤት ጠመንጃ ሲቀይር ሳያራግፈው የቀረ ሰው ነው። ያ ሰው ማነው?»

ጎጆው ውስጥ ሙቀት ነበረ መሰለኝ፣ አንገቴ ላብ በላብ ሆነ።

«ከሥሩ የወጣው የውሻ ብስኩት ፍርፋሪ ነው» አለች ፕሮሰር።

ይኼኔ ፕሮበርት ግድግዳ የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸ። ጥጃ የሚያህል ነጭ ውሻ ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሊዮናርድ የክለቡን ዋንጫ ሲወስድበት ቅናት አንጀቱን በልቶት፣ ቢጫዋን ሆን ብሎ አስቀምጦ ነበር። ተንበርክኮ ተናዘዘ። ስድስት ፖሊስ አንጠልጥሎ ወሰደው፤ ኢንስፔክተሯም እጄን ጨብጣ «ያለ እርስዎ አይሆንም ነበር» አለችኝ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ለባለቤቴ ለብሮንዌን ሰጠኋት። በዚያ እሑድ ሻይ ስትቀዳ የዋለችው እሷ ናት፤ ምስክር ካስፈለገ ከእሷ የተሻለ የለም ብዬ። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሊዮናርድ እኮ ሐሙስ ዕለት ድንች አምጥቶልን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ጣት ነው ያጣው። ኢንስፔክተር የሚባል ሰው አልመጣም። 'በርሜሉን ሳላይ የተኮስኩ እኔ ነኝ' ብሎ ነገሩን ራሱ ላይ ዘጋው። ፕሮበርት ደግሞ በዕድሜው ውሻ አሳድጎ አያውቅም።»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ቅዳሜ የእኔን ሃያ ቁጥር ጠመንጃ ይዘህ ስትተኩስ ዋልክ። እሑድ ያንኑ ከረጢት፣ የታፊን ብስኩት እንኳ ሳታራግፍ፣ ኢሞጀን ወገብ ላይ ያሰርከው አንተ ነህ። 'እየጸለይክ ነው ወይ' ያልከውም አንተ ነህ፤ አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

በሩን ገርበብ አደረገችው። ከኩሽና የማንኪያ ድምፅ ተሰማ።

«ኢሞጀን ልትሰናበተን መጥታለች፤ ማስተማሩን ትታ ከመንደሩ ልትወጣ ነው። ዛሬም ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔ ልንገራት?»