ያልተደፋው ቅርጫት

ሀዋ ሙራድ ወደ ሪያዱ ዑረይጃ ሰፈር የተጠራችው ሰው ስለሞተ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ስለቆሸሸ ነው። በስልክ የነገሯትም ይህንኑ ብቻ ነበር፦ የማይፈለጉ ሥዕሎች፣ የፕሮግራም መክፈቻ አይከኖች፣ ስክሪኑን ሞልተውታል፣ ነይና አይተሽ አጽጂው። የቤቱ እመቤት ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው መሆኑን ያወቀችው አባቷ መኪናውን ካቆመ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ በራፉ ላይ ያወለቀውን ጫማ አይታ ነው።

ሀዋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። እዚያው ሪያድ፣ ጀራዲያ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከአባቷ የጥገና ሱቅ የተጣሉ ማሽኖችን እየፈታች እየገጠመች ራሷን ያስተማረች። በሪያድ የሴቶች ክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሲታመም ወንድ ሐኪም አይገባለትም። ስለዚህ ሀዋ ትጠራለች፤ አባቷ ሙራድ ያደርሳትና ሻይ እየጠጣ ይጠብቃታል። ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ የተለቀመ ስለሆነ የሚበረታው ቁጣና ምግብ ላይ ነው። በዚያ ቀን ምግብ አልቀረበም።

ነገሩን ከበር ማዶ ሆነው ያስረዷት የሟች ወንድም አቡ ፈሃድ ናቸው። ክፉ ሰው አይመስሉም፤ የቸኮሉ ሰው ይመስላሉ። እህታቸው ኡም ሰዑድ አስም ነበረባቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረታቸው ሲዘጋ ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን ስልክ አነሱ። ቤቱ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱንም ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ገብቶበት ይዞታል። መነጋገሪያውን እንደጨበጡ ሞተው ተገኙ። መስመሩን የያዘው ማነው ለሚለው ጥያቄ ሽማግሌው መልሱን ጽፈው ኪሳቸው አስገብተዋል፦ ሠራተኛዋ ዘመናይ። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ይወስዷታል።

«አንቺ የምትጽፊልኝ አንድ መስመር ነው» አሉ። «ቆሻሻው የእሷ መሆኑን። ከዚያ አጽጂው።»

«ካየሁ በኋላ እጽፋለሁ፣ ያ ዐሚ፣ አጎቴ።»

«ምኑን ታዪዋለሽ?» አለ ከጎናቸው ሌላ ድምፅ። የሟች ልጅ ሰዑድ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሲናገር ቁልፉን ያቅጨለጭላል። እሱ ከእሑድ ጀምሮ ማሽኑን አልነካም። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከቤት ወጥቷል፤ የተመለሰው እኅቱ ናዲያ በሞባይል ስትጠራው ነው። ሲደርስ የኮምፒውተሩ ክፍል ተከፍቷል፣ ማሽኑ በርቷል። «ያ ስክሪን ላይ ስድስት ነገር ነበር ያለው። ስድስት። አሁን ግቢና እይው፤ ሱቅ አስመስላዋለች ሸጋላዋ፣ ይቺ ሠራተኛ።»

ሀዋ ገባች። ሶኬቱ ተነቅሏል፤ ሰክታ አስነሳችው። ከታች ያለው ሰዓት እኩለ ሌሊት አለ፤ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1፣ 1998 አለ። በዚያ ቤት ዘመኑ 2003 ነበር። የውስጥ ባትሪው ሞቷል ማለት ነው፤ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ከዚያች እኩለ ሌሊት ይጀምራል።

የዐረብኛ ማሽን ስለሆነ ሥዕሎቹ ከቀኝ ጠርዝ ነው የሚደረደሩት። የቀኙ ረድፍ ከላይ እስከ ታች ሰባት ይይዛል፤ ሰባቱም ቦታ ሞልቷል፣ ከታች መጨረሻው ላይ ዓሣ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ግራ ልብ፣ ፀሐይ፣ ቀይ ስልክ፣ ጥርሱን የሚያሳይ ፊት፣ እያለ ይቀጥላል። የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተችው። ባዶ ነው። እንዲህ በቆሸሸ ቤት ውስጥ እንዲህ የጸዳ ቅርጫት አይታ አታውቅም።

ናዲያ ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆማለች። መምህርት ናት፤ ማሽኑን የገዛችውም እሷ ናት።

«የቤቱ ሥዕል ስንት ነው?» አለቻት ሀዋ።

«ሰባት። ራሴ የመረጥኳቸው።» በጣቷ ቆጠረች። ኮምፒውተሩ፣ ቅርጫቱ፣ ኢንተርኔቱ፣ የፈተና ማህደሯ፣ ቁርኣኑ፣ እናቷ የሚወዱት አዛን የሚያሰማ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ መዝገበ ቃላቱ፣ መጽሐፍ ያለበት። እጇ ዓሣው ላይ ሲደርስ ቆመ። «መጽሐፉ ሰኞ ማታ እዚህ ነበር።»

ሀዋ ማድ ቤት ገባች።

ዘመናይ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ አንዲት የላስቲክ ቦርሳ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ እዚህ ሦስት ዓመቷ ነው። እጇ አንገቷን ይዳብሳል፤ ማተቧን የፈታችው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ እጇ ግን እስካሁን አልሰማም። አማርኛ ስትሰማ ቀና አለች።

«ኮምፒውተር ትችያለሽ፣ እህቴ?»

«መጥረግ ነው የምችለው» አለች ዘመናይ። «ዓመት ሆነኝ፤ መዳም ናዲያ ናት ያሳየችኝ። ሰባቱን አትንኪ፣ ሌላውን እየጎተትሽ ቅርጫቱ ውስጥ ክተቺ አለችኝ። እሷ ጠዋት በአሥራ ሁለት ተኩል ከሹፌሩ ከሞላ ጋር ትወጣለች። አንድ ሰዓት ላይ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ማማ ኡም ሰዑድ እሳት ይፈራሉና ሶኬቱን እነቅላለሁ። በማግስቱ ደግሞ ሞልቶ ይጠብቀኛል። እንደዚህ የሚያቆሽሽ ቤት አይቼ አላውቅም።»

ሀዋ ሳቋን ዋጠች። ሥዕሉን መጣል ፕሮግራሙን መጣል እንዳልሆነ ለዚች ሴት የነገራት የለም። ከውስጥ የተተከለው ነገር ኢንተርኔት በተከፈተ ቁጥር አዲስ ይዘራል፤ እሷ ሙሉ ዓመት ቅጠል ስትለቅም ኖራለች።

«ቅርጫቱንስ ማን ይደፋዋል?»

ዘመናይ ግራ ገባት። «ይደፋል እንዴ?»

ማክሰኞን ጠየቀቻት። እንደ ሁልጊዜው ጠርጋለች፣ ነቅላለች። እኩለ ቀን ላይ ማማ ስልኩ እንደ ድመት ይጮኻል አሏት። የኮምፒውተሩን ክፍል ብትገፋው ተቆልፏል፤ ቁልፉም ኮሪደሩ ላይ ከሚንጠለጠልበት ምስማር ላይ የለም። ናዲያ በሰባት ተኩል ስትመለስ ነገረቻት። ከዚያ ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ወጣች። የመስጊዱ የዐስር አዛን ሲጀምር ከታች፣ ከተቆለፈው ክፍል፣ ኮምፒውተሩም አብሮ ጮኸ። እሱ ግን የሚጣራው የንጋቱን ነበር።

«በምን ለየሽው?»

«ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል የሚለው አለበታ። ሦስት ዓመት ሙሉ የምነሳው በሱ ነው።»

ስትወርድ ማማን አገኘቻቸው፤ ጮኻ ናዲያን ቀሰቀሰች። ሰዑድ ከአምቡላንሱ በፊት ደረሰ። እናቱን በበሩ በኩል አየ፣ አልፎ ኮምፒውተሩ ክፍል ገባ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወጥቶ አለቀሰ። ይህንን ዘመናይ ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

ቀጥሎ ድምፅዋን ቀነሰች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

ሀዋ አሁን ልታምን ነው ብላ ጠበቀች።

«መጽሐፉን ጠረግሁት። ማክሰኞ ጠዋት። እጄ ሳተ፣ ከቆሻሻው ጋር ገባ። ከእኔ በፊት የነበረችው የመዳምን ፋይል አጥፍታ ነው ተርሒል ታስራ ከአገር የተባረረችው። ስድስት ብቻ ሲቀር ደንግጬ ነቀልሁት።»

በነፍስ ልትከሰስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የተቀመጠች ሴት የምትፈራው ስለ አንዲት ሥዕል ነው። የሀዋ ንዴት ከእግሯ ጀምሮ ወጣ።

«ሲጠሩሽ» አለቻት፣ «ይህንኑ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። እኔ ብናገር ያስጠናችው ይሉኛል።»

«ይገድሉኛል፣ እህቴ።»

«ካልተናገርሽ ነው።»

ደጅ፣ ሹፌሩ ሞላ ከአባቷ ጋር ቆሟል። ሀዋ በአባቷ ፊት ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሰዑድ መኪና የት እንደነበረ ጠየቀችው። ሞላ ጫማውን አየ።

«ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በማን ኪስ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«የሰዑድ መኪና የት እንደነበረ ነው የጠየቅሁህ።»

«እኔም እሱን ነው የመለስሁልሽ፣ እህቴ» አለ ሞላ።

ዐስር ተሰገደ። አቡ ፈሃድ፣ ሰዑድና ሙራድ ሳሎን ተቀመጡ፤ ሞላ ደፍ ላይ ቆመ። ሀዋ፣ ናዲያና ዘመናይ ገርበብ ካለው በር ጀርባ ናቸው። ሽማግሌው ብዕር አወጡ።

«ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም። መጀመሪያ ቆሻሻው የማንም አይደለም፣ ያ ዐሚ። መስመሩ ሲከፈት ራሱ ነው የሚመጣው። የገባ ሰው እንደነበረ ይናገራል፣ ማን እንደሆነ አይናገርም። ማን እንደሆነ የሚናገረው የጎደለው ነው።»

ሰዑድ ቁልፉን አቅጨለጨለ።

«ማሽኑ ሰዓቱን አያውቅም» ብላ ቀጠለች። «በተሰካ ቁጥር እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ይነሳል። የንጋቱን አዛን የሚያሰማው ከተነሳ አምስት ሰዓት ከሩብ ቆይቶ ነው። ማክሰኞ ያሰማው ከመስጊዱ የዐስር አዛን ጋር እኩል ነው። ወደ ኋላ ቁጠሩት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ይደርሳል። ያን ጊዜ ናዲያ ትምህርት ቤት ናት።»

«የተሰበረ ሰዓት ምስክር ሆነ?» አለ ሰዑድ።

«የተሰበረው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው። ከሰው ይሻላል።»

«ሸጋላዋ እቤት ነበረች። አዛኑንም ሰማሁ የምትለው እሷው ናት።»

ናዲያ ከበሩ ጀርባ ተናገረች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «እኔም ሰምቼዋለሁ። ተኝቼ ነበር፣ ደግሞ ተሳሳተ ብዬ ዞርኩ። ዘመናይ በሰባት ተኩል ክፍሉ ተቆልፏል፣ የእናትሽ ስልክ ይጮኻል ብላኛለች። ኸላስ፣ በቃ፣ ኋላ አየዋለሁ ብዬ ተኛሁ።»

ሀዋ ልታጽናናት አልፈለገችም።

«ቅርጫቱ» አለች። «ይቺ ሴት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ቅርጫቱ ስትጠርግ ኖራለች። መደፋቱን ግን አታውቅም፣ ያስተማራት የለም። ዛሬ ባዶ ነው። የደፋው የሚደብቀው አዲስ ነገር ያለው ሰው ነው፤ የእሷ የዓመት ጥራጊ አብሮ ሄደ። ሰዑድ፣ ማሽኑን ከእሑድ ወዲህ አልነካሁም ብለሃል። ከቆሻሻው በፊት ስንት ሥዕል ነበረ አልከኝ?»

«ስድስት። ምን አለበት?»

«ናዲያ፣ የቤቱ ስንት ነው?»

«ሰባት» አለች ናዲያ። «እሑድም፣ ሰኞም፣ ሰባት።»

«ዛሬ ገብቶ ያየ ሰውም በቀኙ ረድፍ ሰባት ይቆጥራል፤ ዓሣው በክፍቱ ቦታ ገብቶ ረድፉን ሞልቶታልና። ስድስት የሆነበትን ጊዜ አንዲት ሴት ታውቀዋለች። ዘመናይ።»

ዘመናይ ቦርሳዋን መሬት አኖረች። ከዚያ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ እንደ ተማሪ ቆማ፣ ተናገረች። ማክሰኞ ጠዋት መጽሐፉን በስሕተት መጥረጓን። ስድስት መቅረቱን። ወዲያው መንቀሏን። መዳም ይቅር ይበሏት።

«ከማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት በፊት ሰባት ነበር» አለች ሀዋ። «መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ዓሣው ገባ። ስድስት ሆኖ ያየው መጀመሪያ የጠረገችው ናት፣ ቀጥሎ በሦስት ሰዓት ተኩል የሰካው። አንተ በሁለት ሰዓት ወጥቻለሁ ያልክ ሰው ስድስቱን የት አየሃቸው?»

ቁልፉ መቅጨልጨሉን አቆመ።

ሽማግሌው ወደ ደፉ ዞሩ። «ሞላ። መኪናው?»

ሞላ ኢቃማው ያለበትን የሰዑድን ኪስ አንድ ጊዜ አየ። «እስከ አራት ሰዓት በር ላይ ነበር። እጠበው ብሎኝ አጥቤዋለሁ።»

«ምን ነበር?» አሉ አቡ ፈሃድ፣ ቀስ ብለው።

ሰዑድ ቁልፉን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ጨዋታ ነው፤ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ። ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ሠራተኛዋ እንዳትነቅለው ቆልፎበት ቁልፉን ይዞ ሄደ። ከዚያ ሲመጣ ያየውን አየ፤ የወረደውን ቅርጫቱ ውስጥ ጥሎ ደፋው።

«እናትህ መስመሩን አትያዝብኝ ብላህ አታውቅም?»

«ሁለት ጊዜ ብላኛለች።»

አቡ ፈሃድ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። የዘመናይን ስም በአንድ ጭረት ሰረዙት፤ ወረቀቱንና ብዕሩን የእህታቸው ልጅ ጉልበት ላይ አስቀመጡ። «በገዛ እጅህ ጻፈው። ያላ፣ ተነስ። ጣቢያው አልተዘጋም።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረው፣ ማየት በማይችሏት ሴት ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ ምን እንደምትፈልግ ጠየቁ።

«ፓስፖርቴን» አለች ዘመናይ።

ሀዋ ዕቃዋን ስትሰበስብ ናዲያ ማሽኑን እንድታጸዳው ለመነቻት። ሀዋ ከውስጥ የሚዘራውን ፕሮግራም ነቀለችው። የተዘራውን ግን አልነካችም፤ መጥረግ ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ሰው ሥራ ነው አለቻት። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፦ ዓሣውን ከረድፉ አወጣችና መዝገበ ቃላቱን ካለበት ፈልጋ ቦታው መለሰችው።

ሙራድ መኪናውን አስነስቷል። ዘመናይ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ድረስ ተከትላት መጣች፤ የመኪናውን መስኮት ያዘች።

«መጽሐፉስ፣ እህቴ?»

«መለስሁት።»

«ሰባት ሆነ?»

«ሰባት ሆነ።»

ዘመናይ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው። ሀዋ መስኮቱን ዘጋች፤ ሙራድ መኪናውን ወደ ጀራዲያ አዞረ።