ከሬዲዮው ጀርባ

«አሁንስ በዛ!» ጥሩብርሃን ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የትናንቱ መልእክት ተመልሶ ቆመ፦ የሜሞሪ ስህተት።

«እንጨት የምትፈልጪ መሰለሽ እንዴ? ቀስ በይ እንጂ!» አሉ አባቷ አቶ ዋቅጅራ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው። «ያቺ ጓደኛሽ ጨርሳ ገድላዋለች፤ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ማሽኑ እርጅና የተጫነው ነበር። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውሃ መሐንዲስ ለአባቷ ትቶላቸው ከሄደ ወዲህ፣ ማታ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ሲቀዘቅዝ፣ ቀን በራሱ ሙቀት ሲግል ኖሯል። የእኛን ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው የላቲኑን ብቻ ነው። ያም ሆኖ በዚህ ቤት እንደ እሱ የሚከበር ዕቃ አልነበረም። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ የመዝሙር መጻሕፍቱ በተወሰዱ ጊዜ፣ እትዬ አሳየች የተባሉት አሮጊት ዘማሪ በቃላቸው የያዙትን ሁሉ ነግረዋት፣ ጥሩብርሃን በላቲን ፊደል ጽፋ አንዲት ዲስክ ላይ አስቀምጣው ነበር። ቅዳሜ ዕለት አልነበብም ያለችው ያቺው ዲስክ ናት።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ሰዓዲያ እዚህ ነበረች። ሰዓዲያ ሲግናል ሰፈር ሱቅ ያለው ነጋዴ ልጅ ናት፤ በክፍል ውስጥ ከጥሩብርሃን ጋር አንድ ዴስክ ትጋራ ነበር። አቶ ዋቅጅራ የመዝሙሯን ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ትተው በር ሲያንኳኳ ወደነበረ ሰው ወጡ።

«ጌም አለው አይደል? አቦ አትሰስቺ!» ብላ ነበር ሰዓዲያ ዲስኳን አንስታ።

«አስገቢውና እዪ» አለቻት ጥሩብርሃን፣ ጌም እንደሌለው እያወቀች እየሳቀች።

ስክሪኑ የዲስክ ስህተት ብሎ ሲጮህ አባቷ ተመለሱ። «ማነው የነካው?» ብለው ጮኹ። ጥሩብርሃንም «እሷ ናት» አለች። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም። ሰዓዲያ ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳትደርስ ተነግሯት ወጣች፤ ሰኞ ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። በማግስቱ ሜሞሪው ሲበላሽ፣ ጥፋቱ በእሷው ላይ ተደረበ።

ጥሩብርሃን ሶኬቱን ነቀለች። ካቻቢቴውን አንስታ ክዳኑን ፈታችው። በውስጡ ጥቋቁር ባለ ብዙ እግር የሜሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ እንደሚለው፣ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅባቸው ከመቀመጫቸው ቀስ በቀስ ይነሳሉ። በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ተጫነቻቸው። ሦስተኛው ሲገባ ቀጭ አለ።

ማሽኑን ስታበራው ሜሞሪውን እስከ መጨረሻው ቆጥሮ ጨረሰ።

«ሠራ!» አሉ አባቷ።

እሷ ግን አልተደሰተችም። ቺፕ የሚነሳው በዓመታት እንጂ በአንዲት ልጅ ጣት አይደለም። የጌሙን ዲስክ አስገባች፤ ማሽኑ አነበበው። ማንበቢያውም ደህና ነበር ማለት ነው።

«ያቺን ዲስክ ይስጡኝ፣ አባባ።»

አቶ ዋቅጅራ በሩን ቀርቅረው መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን ሬዲዮ አወረዱ። የጀርባ ክዳኑን ሲፈቱ ፊታቸው ላይ ኩራት ነበር። «ባለፈው ወር አብረውን የሚጸልዩት የነሰቦቃ ቤት ከተፈተሸ ወዲህ እዚህ ነው የማስቀምጠው። ፈታሽ ፍራሽ ይቀድዳል እንጂ ሬዲዮ አይፈታም።» ስሷን ጥቁር ዲስክ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ መዝዘው አወጡ።

ጥሩብርሃን ክዳኑን መልሳ ልትገጥም በእጇ የያዘችውን ካቻቢቴ ወደ ሬዲዮው ስታስጠጋ አንድ ነገር ሳበባት። ካቻቢቴው ከእጇ አምልጦ ድምፅ ማጉያው ላይ ቋ ብሎ ተለጠፈ።

ጥሩብርሃን ጮኸች፦ «ማግኔት!»

«ድምፅ ማጉያ ነዋ። ታዲያ ምን ይሁን?»

«ዲስክ ላይ የሚጻፈውም በማግኔት ነው፣ አባባ! ማግኔት አጠገብ ማሳደር በገዛ እጅ መደምሰስ ነው! ሰዓዲያ በራችንን ሳትረግጥ ጠፍቶ ነበር!»

አቶ ዋቅጅራ ዲስኳን እንደያዙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እትዬ አሳየች አሉ፤ እንደገና እንጽፈዋለን» አሉ።

«ሰዓዲያስ?»

«እሷን ምን ልትያት? ሬዲዮ ውስጥ ደብቀነው ነበር ልትያት? ምን ነበረበት ስትልሽስ? የሱቅ ወሬ አገር ይዞራል። አንዲት ቃል ከወጣች እኔ እታሰራለሁ፣ ልጄ። ተይው፤ ይረሳል።»

«ይረሳል» የሚለው ቃል ከሁሉም በላይ አንገበገባት። «ለእኛ ነው የሚረሳው! አስገቢው ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ነግሬዎት አላውቅም። እርስዎ ሲጮሁባት ደግሞ ቆሜ አየሁ።»

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ምን እንደነበረበት አልነግራትም» አለች ካቻቢቴውን ከማግኔቱ ላይ እየመነገለች። «ማን እንዳጠፋው ግን እነግራታለሁ።»

እስከ ሲግናል ድረስ የወረደችው በንዴት ነው። በማን እንደተናደደች ለመለየት ሞክራ ተወችው፤ ብዙው የራሷ ድርሻ ነበር። የነሰዓዲያን የቆርቆሮ በር አንኳኳች።

በሩ በጠባቡ ተከፈተ። ሰዓዲያ እጇን ከመዝጊያው ላይ ሳታነሳ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሰበርኩ?»

ጥሩብርሃን በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ያማረ ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ምንም አልሰበርሽም። ቀድሞም የተበላሸው በእኛ ቤት፣ በእኛ እጅ ነው። አስገቢው ያልኩሽም እኔ ነኝ፤ ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ዛሬ ነው የነገርሻቸው?»

«ዛሬ።»

«አልዘገየሽም?»

«ዘግይቻለሁ።»

ሰዓዲያ ግቢ አላለቻትም። በሩንም አልዘጋችውም። ጥሩብርሃን ከደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።