ማዶ ያለው ሰው

ይሄ ነገር የሆነ ነው። ተረት ፈልጎ የመጣ ካለ ሌላ ቦታ ይሂድ። እኔ ከባለቤቱ አፍ የሰማሁትን ነው የማወራው።

ደግሞ ጨለማ አትጠብቁ። ጅብ የለበትም፣ መቃብርም የለበትም። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ፍንትው ብላ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም የሚልበት ሰዓት።

ቦታው ሐዋሳ፣ ቡሹሎ በኩል፣ ሐይቁ ዳር። ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣት ከገበያም ከመንገድም የሚታፈስበት ጊዜ።

ሰውዬው ሽበሺ ይባላል። ያኔ ጎረምሳ ነው።

ሽበሺ የውኃ ጉድጓድ ከሚያስቆፍር አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ጋር ይሠራ ነበር። ሚስተር ሳካይ ይሉታል። ሳካይ ማታ ከሥራ ሲለያዩ ሁልጊዜ "ማታ አሺታ!" ይለዋል። የኛ ሰው ምን መሰለው? "ማታ ና" ያለው መሰለው። ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ማታውኑ ሆቴሉ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

ሳካይ በፒጃማ ወጣ።

"ማታ ማለት ምሽት አይደለም" አለው እየሳቀ። "ማታ ማለት እንደገና ማለት ነው። እንደገና ነገ እንገናኝ ነው ያልኩህ።"

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "ማታ" እያለ ሲቀልድበት ከረመ። እሱ ግን በዚያው ቋንቋው ገባው። ጃፓንኛ በኛ ፊደል ሲጻፍ እንደ ቤቱ ነው የሚገባው፤ ለምላስም አይከብድም። ሳካይ አገሩ ሊመለስ ሲል አንዲት የእንጨት ሳጥን ሰጠው። አምስት ክፍል አላት፤ ውስጧ ካርድ ነው። በካርዱ ፊት ላይ አንድ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር፣ ከኋላው ትርጉሙ።

"ሁሉም ከመጀመሪያው ክፍል ይነሳል፤ እሱን በየቀኑ ታየዋለህ" አለው። "ያወቅከውን ወደሚቀጥለው ክፍል ታሳልፈዋለህ፤ እሱ ቆየት ብሎ ይመጣል። የተሳሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጨረሻው ክፍል ካርድ ደግሞ... ረሳሁት ስትል ነው የሚመጣብህ።"

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረው። አዲስ አበባ የነፃ ትምህርት ፈተና አለ። ካለፈ ጃፓን። ካላለፈ...

ካላለፈማ ይታወቃል። ግንባር።

እህቱ ታቢታ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ወንድም እሱ ብቻ ነው ያላት። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ሁሉን ነገር በሹክሹክታ ማድረግ ለምዳለች፤ ወንድሟንም በሹክሹክታ ደበቀችው። ጓሮ ካለችው ክፍል አስገባችው። መስኮቱን በሚስማር መታች። መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጠፈች። በሩን ደግሞ ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፈችው።

"ከውጭ የተቆለፈ ቤት ማን ሰው አለበት ይላል?" አለችው በበሩ ስንጥቅ። "ፈተናው እስኪደርስ ነው ሽቤ። ድምፅ እንዳታሰማ።"

ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራ ሥራ ሄደች። በየቀኑም እንዲሁ ነው።

አንድ ጠረጴዛ። አንድ የሽቦ አልጋ። አንድ ባልዲ። አንድ ሳጥን ካርድ።

ከመስኮቱ ኋላ እንሰት ነው፣ ከእንሰቱ ኋላ ደንገል፣ ከዚያ ሐይቁ። በዚያ በኩል ሰው አያልፍም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘንበል ስትል የእንሰቱ ጥላ ጋዜጣው ላይ ያርፋል። ሽበሺ ያንን ጥላ እያየ ነበር ካርዱን የሚገለብጠው።

አንድ ቀን የማያውቀው ካርድ አገኘ።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከሁሉ ፊት። ጽሕፈቱ የሳካይ ይመስላል፤ ያው ሰማያዊ ብዕር።

"ማዶ ኖ ሶቶ ኒ ሂቶ ጋ ኢማስ።"

ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

ራስህ ድረስበት ብሎ ትቶት ይሆናል አለ። ሶቶ ማለት ውጭ ነው፣ ያውቃል። ሂቶ ሰው ነው። ኢማስ አለ ነው። ማዶ... ማዶማ ማዶ ነው! እንዲህ ያለ ቃል ከኛ ጋር ቢገጥም ምን ይገርማል? ደስ አለው። ጀርባው ላይ "ወዲያ ማዶ ሰው አለ" ብሎ ጻፈ።

ቆይ፣ "ማታ" ያዋረደው ሰው አይደል ይሄ? ነው። ሰው ግን በአንድ ድንጋይ ሁለቴ ይሰናከላል።

በማግስቱ ካርዱን አወቀው፤ አሳለፈው። አወቀው፤ አሳለፈው። እንዲህ እያለ የተሳሳተውን ነገር እስከ መጨረሻው ክፍል አደረሰው።

ሌላ መጣ።

"ማዶ ካራ ሚቴ ኢማስ።"

"ከማዶ ሆኖ እያየ ነው" ብሎ ጻፈ። ይሄኛው ትንሽ ቅር አለው። ጋዜጣው ላይ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ዓይኑን አስጠግቶ ሐይቁን ተሻግሮ ተመለከተ። ማዶ ተራራው ብቻ ነው። ማንም የለም።

ያን ዕለት ነፋስ አልነበረም። እንሰቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጋዜጣው ላይ ያለው ጥላ ግን... ተንቀሳቀሰ።

ቅጠል ነው አለ። ምን ይበል? ታስሮ የሚውል ሰው ስንቱን ያያል። ለታቢታም አልነገራት። እሷ በሱ ምክንያት እንቅልፍ ካጣች ከርማለች።

እንግዲህ ያቺ ቀን።

ጠዋት ታቢታ በጣም ደስ ብሏት መጣች። የመሥሪያ ቤት ጓደኛው አለሙ ትንሽ መዝገበ ቃላት ልኮለታል፤ ጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሳካይ ትቶለት የሄደው ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ አሾለከችለት።

"ፈተናው ቀረበ እኮ ሽቤ" አለች። "አይዞህ። ጌታ ያውቃል።"

ቆለፈችና ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሽበሺ ካርዶቹን ይዞ ተቀመጠ። ከመጨረሻው ክፍል ያቺ ካርድ ተራዋ ደርሶ ወጣች። ማዶ ኖ ሶቶ ኒ... እስቲ ብሎ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ።

ማዶ።

ጣቱን አስከትሎ አነበበ።

መስኮት።

ደጋግሞ አነበበው። ማዶ ማለት መስኮት ነው።

ከመስኮቱ ውጭ ሰው አለ።

በመስኮት እያየ ነው።

ቀና አለ። ጥላው ጋዜጣው ላይ ነው። እንሰት አይደለም። ምን ጊዜም እንሰት አልነበረም። ጭንቅላት ነው፣ ትከሻ ነው፣ እንደሱው ዘንበል ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

ሊጮህ አፉን ከፈተ።

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ።

"ክፈቱ! ከቀበሌ ነው!"

አፈሳ። አፉን በእጁ አፈነ።

የጫማ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ዋናውን ቤት ሲያስሱ፣ ዕቃ ሲወድቅ ይሰማል። ከዚያ ወደ ጓሮ መጡ። ጓጉንቸሩን አንዱ አንኮሻኮሸው።

"ጓድ ሽፈራው፣ ይሄ ከውጭ ተቆልፏል።"

"ዕቃ ቤት ነው መሰለኝ" አለ ሽፈራው የሚባለው። "ተወው።"

ሽበሺ አልተነፈሰም። ትንሽ ብቻ። ትንሽ ዝም ቢል ይሄዳሉ። ፈተናው አለ። ጃፓን አለች።

ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ አዲስ ካርድ አለ። ቅድም አልነበረም።

"ሶቶ ኒ ዋ ሞ ኢማሴን።"

ይሄን ለመተርጎም መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም።

ያ ሰው ከእንግዲህ ውጭ የለም።

መስኮቱን አየ። ጋዜጣው ነጭ ነው። ጥላ የለበትም።

ከኋላው የሽቦ አልጋው... ሲጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

"ዝም በል" አለው አንድ ድምፅ፣ ጆሮው ሥር። የገዛ ራሱ ድምፅ ነው። "ይሄዳሉ። እኔና አንተ ብቻ እንቀራለን።"

ከውጭ ጫማዎቹ እየራቁ ነው።

እስቲ ፍረዱ። ቢጮህ ጦርነት። ዝም ቢል ይሄ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ አይደል?

ሽበሺ በሩ ላይ ተወረወረ።

"እዚህ ነኝ! ክፈቱልኝ! ውሰዱኝ! ስለ እግዚአብሔር ውሰዱኝ!"

በሰደፍ ሰብረው ከፈቱ። ጓድ ሽፈራው ትልቅ ሰው ነው፣ ሽበት ያለው። ከላይ እስከ ታች አየውና ሳቀ።

"ለዘመቻ እንዲህ የቸኮለ ሰው አይቼ አላውቅም!"

ከዚያ በሽበሺ ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ። ሳቁ ቆመ።

"አንድ ብቻ ናችሁ?"

"አንድ ነኝ" አለ ሽበሺ። አልዞረም።

ይዘውት ሲሄዱ ከኋላቸው በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። "ነፋስ ነው" አለ አንዱ። ሁሉም እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ።

የግንባሩን ነገር አላወራም፤ እሱም ብዙ አያወራም። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት እዚያ ቀርቷል። እህቱን አንድም ቀን ሳያገኛት፣ ደብዳቤም ሳይደርሳት ዓመታት አለፉ። መጨረሻ ላይ ጦሩ ተበተነ፣ መንግሥቱም ወደቀ፣ እሱም እየለመነ በእግሩ ሐዋሳ ገባ። በዚህ ሁሉ መሀል ካርዱንም ጥላውንም ረስቶት ነበር።

ረሳሁት ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ የደረሰው።

ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይ። ታቢታ በሩን ከፈተች። ሸብታለች። ጮኻ አንገቱ ላይ የምትጠመጠም መስሎት እጁን ዘረጋ።

"ሽቤ! ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለች ግራ ገብቷት። "ከጃፓን መቼ መጣህ?"

"ከየት?"

"ምን ሆነሃል? ከጃፓን ነዋ!"

"ታቢ... እኔ ግንባር ነበርኩ። ያን ቀን ወሰዱኝ።"

"አልወሰዱህም!" አለች። "ጎረቤት ታፈሰ ብሎኝ እየሮጥኩ ስመጣ በሩ ተሰብሯል፤ አንተ ግን ጠረጴዛህ ጋ ተቀምጠህ ካርድህን ትገለብጥ ነበር። ተንበርክኬ ጌታን አመሰገንኩ። ተፈተንክ። አለፍክ። እኔ ነኝ የሸኘሁህ!"

ግድግዳው ላይ ፎቶ አለ። ሽበሺ ራሱ፣ ሱፍ ለብሶ፣ በረዶ ላይ ቆሞ ይስቃል። ሁለት እጁን አጣምሯል። ታቢታ ፎቶውን አየች። ከዚያ የወንድሟን እጅ አየች። ፎቶው ላይ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው።

"በኢየሱስ ስም..." አለች። እንባዋ ወረደ። "ታዲያ እሱን ነው ያጎረስኩት? እሱን ነው አቅፌ የሸኘሁት?"

ሽበሺ ፎቶውን አውርዶ ገለበጠው። በገዛ ራሱ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል።

"ማታ ኪማስ።"

"'ማታ' የሚለውን አይቼ ማታ እመጣለሁ ያለኝ መስሎኝ" አለች ታቢታ በሹክሹክታ። "ስንቱን ማታ ራቱን ከድኜ ጠበቅኩ..."

"ማታ ማለት ምሽት አይደለም ታቢ።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"እንደገና ነው። እንደገና እመጣለሁ ነው የሚለው።"

ከጓሮ ድምፅ ተሰማ። መስታወት በጥፍር ሲንኳኳ።

ተያይዘው ዞሩ። የጓሮዋ ክፍል በር ላይ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ታቢታ አንገቷን ዳበሰች፤ ቁልፉ አለ።

"እሱ ሲሄድ በአዲስ ጓጉንቸር ቆለፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም" አለች።

በእንሰቱ መሀል አልፈው ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። ሽበሺ ያንን መስኮት ከታሸገ ወዲህ ከውጭ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ሚስማሩ እንዳለ ነው። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል።

ጋዜጣው ከጥጉ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀስ እያለ ተላጠ...

አንድ እጅ ታየ። አምስቱም ጣት አለው። አንዲት ካርድ ይዞ መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ ፊቷን ወደነሱ አድርጎ።

"ምን ይላል ሽቤ?" ታቢታ ክንዱን ጨብጣ ያዘችው። "ምንድነው የሚለው?"

ሽበሺ አነበበው። አሁን አልተሳሳተም።

"ከመስኮቱ ውጭ ሰው አለ" አላት።