የሎሚናት ኩርፊያ

ጀልባዋ ሎሚናት ጸጥ ያለችው በቀትር ነው፤ ነፋሱ ሞቶ ሸራዋ እንደ ታጠበ ጋቢ በተንጠለጠለበት ሰዓት።

በዳሎል ባሕር ላይ ጀልባ ሲነጫነጭ መስማት ለማንም ብርቅ አልነበረም። ስለ ወደብ እየተሰበሰበ አበል ሲበላ ለኖረ ሕዝብ፣ ምድር ሰምጣ ባሕሩ ራሱ በእግሩ መጥቶለታል፤ ከመጣ በኋላም በየጀልባው ላይ «አድማጭ» ተገጥሟል። አድማጭ የሞተሩን ትንፋሽ እየሰማ የሚያመውን በሰው አንደበት የሚናገር፣ አብሮት ከሚውለው ሰው ጠባይ የሚማር ሣጥን ነው። አንዱ የተማረውን ሌሎቹ በዚያው ቅጽበት ይማሩታል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ስድብ ያስተማረ ዕለት ባሕሩ ሙሉ ተሳዳቢ ሆኖ ነው የዋለው።

አድማጭን የሠራችው ትርንጎ ናት። ሠራው ተብሎ የሚታወቀው ግን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ አጥናፉ ነው፤ ንድፉን አይቶ «ግሩም ነው፣ ትንሽ ላስተካክለው» ብሎ ወሰደና ስሙን ብቻ አስተካክሎ መለሰው። ዛሬ ነጭ ሱፉን ለብሶ፣ አድማጭን ሊገዙ ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶችን ሎሚናት ላይ አሳፍሮ፣ ሐሳቡ እንዴት በሕልሙ እንደ ተገለጠለት እያወራላቸው ነው። ትርንጎን ይዞ የወጣው አድማጭ ሲታመም ከሷ ሌላ ሰው ስለማያናግር ነው። ለእንግዶቹ ግን «ሞተር የምትወለውል ልጅ ናት» ብሏቸዋል። እሷም ሰምታለች። ብሎን ባጠበቀች ቁጥር አጥናፉን መርገም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ አድማጭም ያንን ሁሉ እርግማን አብሯት ሰምቷል። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ይህን ሰው በሰው ፊት አጎንብሶ ማየት።

ሞተሩ አስሎ ጠፋ። ሲያስነሡት ትንሽ ሄዶ ደግሞ ጠፋ። መሪውን የያዙት ጋሽ ይመር፣ ውኃው ወደ ጨው ስለቱ እየገፋቸው መሆኑን ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። ጨው ስለት ከውኃው ሥር ያደፈጠ፣ የጀልባ ሆድ እንደ ሙዝ የሚልጥ የጨው ድንጋይ ነው። መልሕቅ ጥለው ነበር፤ በጨው ወለል ላይ ተንሸራተተ እንጂ አልጨበጠም።

ትርንጎ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረደች። አድማጭን ምን እንደሚያመው ብትጠይቀው ዝም አላት። ስለዚህ እንደ ጥንቶቹ የሞተሩን ሕመም በእጇ ፈለገች። ናፍጣው ሙሉ ነው። መክፈቻውም ክፍት ነው። ማጣሪያውን ፈታች፤ ውኃም ቆሻሻም የለበትም። አየር ገብቶ ይሆናል ብላ በፓምፑ ራስ ላይ ያለውን ብሎን አላልታ ፓምፑን በእጇ ገፋች፤ አረፋ የለም፣ ናፍጣው ግን ከቋጣሪ ኪስ እንደሚወጣ ሳንቲም እየተጎተተ ነው የሚመጣው። ፓምፑ ይስባል፣ ታንኩ አይለቅም። የታንኩን ክዳን ጥቂት ብታላላው ፍስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ማገ።

ያኔ ገባት። ናፍጣ በወጣበት ቦታ አየር ካልገባ ታንክ ጥርሱን ይነክሳል። የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል። መተንፈሻውን ማዕበል ሲመጣ የሚዘጋው ደግሞ አድማጭ ራሱ ነው፤ ባሕሩ ግን እንደ እርጎ ረግቷል።

ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው።

«ትንፋሽህን ይዘሃል» አለችው ቀስ ብላ።

«አኩርፌያለሁ።»

«በማን?»

«በዚያ ሰውዬ። ሞተር የምትወለውል አለሽ።»

ትርንጎ ሳቋን ዋጠች። ክዳኑን አላልቶ ወደብ መድረስ ይቻላል፤ የአንድ እጅ ሥራ ነው። ይህንን ግን ለማንም አልተናገረችም። ላይ ወጥታ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ አድርጋ፣ አድማጭ በአጥናፉ እንዳኮረፈ፣ ላኮረፈ ደግሞ ከእርቅ ሌላ መድኃኒት እንደሌለው ነገረችው።

«ማሽን እኮ ነው፣ ትርንጎ» አለ አጥናፉ።

«የሠራኸው አንተ፣ የምታውቀው አንተ።»

ጋሽ ይመር ስለቱን አሻግረው አዩ። በአገራቸው የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግር ሥር እንደሚወድቅ፣ ድንጋዩም ተበዳይ ይቅር ሳይል እንደማይወርድ አስታወሱት። ከዚያ ጀልባዋ እንዳትንጋደድ ሆዷ ውስጥ ከተቀመጡት ድንጋዮች አንዱን አወጡና በነጩ ሱፍ ላይ፣ ማጅራቱ ላይ ጫኑለት። አጥናፉ በጠባቡ መሰላል እየተንገዳገደ ወረደ፤ እንግዶቹም ተከተሉ። ናፍጣ በጠጣው ወለል ላይ ተንበረከከ።

«የሠራችህ እሷ ናት» አለ፣ ድምፁ ከድንጋዩ ሥር እየወጣ። «ሥራዋን የሰረቅኩ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ትርንጎ የዓመታት ጥሟ ሲቆረጥ ተሰማት። መተንፈሻው ግን አልተከፈተም።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አለችው አድማጭን።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። ድንጋዩ የሚወርደው ግን ተበዳይ ይቅር ሲል ነው ተባለ። ተበዳይዋ አንቺ ነሽ። በይና ልክፈት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጋሽ ይመር ከላይ ሆነው «ልጄ፣ ስለቱ ደርሷል» አሉ። ትርንጎ አፏን ከፈተች። «ይቅር» ሦስት ፊደል ናት፤ አላወጣቻትም። የአጥናፉን ማጅራት አየች። ድንጋዩ አነሰባት።

እጇን ሰደደችና የታንኩን ክዳን ፈታችው። ታንኩ በረጅሙ ተነፈሰ። ሞተሩን ስታስነሣው አስሎ፣ አጓርቶ፣ ዞረ። ጋሽ ይመር መሪውን ጠመዘዙት፤ ስለቱ የሎሚናትን ጎን ልሶ አለፈ።

«በክዳኑ ይሠራ ነበር?» አለ አጥናፉ፣ እንደ ተንበረከከ።

«ይሠራ ነበር።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ድንጋዩን ላውርደው?» ሲል ጠየቃት። ትርንጎ ጨርቅ አንሥታ እጇን መጥረግ ጀመረች።

የመለሰለት አድማጭ ነው። «ገባኝ» አለ። «ማሸከም አለ፤ ማውረድ የለም። ተምሬያለሁ።»

የትርንጎ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ።

ወደቡ ሲደርሱ ከዳር እስከ ዳር የታሰሩት ጀልባዎች ጸጥ ብለዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገር፣ የሚዘጋ መተንፈሻ ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ባለቤቶቹ በየሞተራቸው ላይ ተደፍተው ምን እንዳመመው እንዲነግራቸው አድማጭን ይለማመጣሉ፤ መልስ የሚሰጥ የለም። ያ ስድብ ያስተማረው ዓሣ አጥማጅ ግን አጥናፉ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ሲወርድ አይቶ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶታል። ከውኃው ዳር ወርዶ ድንጋይ ያማርጥ ነበር። አንዱን አንሥቶ መዘነና ጣለው። ትንሽ አሰበና ትልቁን አነሣ።