የነጣው ቀለበት

የወርቁ ቀለበት ነጭ ሆኖ ተገኘ።

ያገኙት የሙሽራው ሽማግሌዎች ናቸው። የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ከሳንጃ ወደ ጎንደር መጥተው፣ በወይዘሮ ሸዋገነት ቤት በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ለእጮኛዋ የተላከውን ወርቅ እንይ አሉ። ሙዳዩ ተከፈተ። የሙሽራው አባት፣ የሰሊጥ ነጋዴው፣ ለልጁ እጮኛ የላከው ወርቅ የለም። በቦታው ያንኑ የሚያህል ነጭ ቀለበት ተቀምጧል።

«ወርቃችንን ሸጣችሁ ብር አስቀመጣችሁልን?» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

ወይዘሮ ሸዋገነት አልደነገጡም። ጣታቸውን ወደ ጓዳ ቀስረው፣ ሙዳዩን ከታየች በቀር የሚነካው የለም አሉ።

ታየች የቤቱ ገረድ ናት። ከኮሶዬ የመጣችው በልጅነቷ ሲሆን ከቤቱ ልጅ ከይመኙሽ ጋር ከአንድ ገበታ በልታ፣ በአንድ ቁርበት ተኝታ አድጋለች። ሰው ገረድ ሲላት ይመኙሽ «እኅቴ ናት» እያለች ትቆጣ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ታየች ዓይኗን የጣለችው በይመኙሽ ላይ ነው። ይመኙሽ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አንገቷን ደፋች። ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ አፍራ ነው ብላ ታየች ራሷን አጽናናች። የሚወዱትን ለመጠርጠር ጊዜ ይወስዳል።

ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏት ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንዷ ስኳር ስትሰርቅ አይቻታለሁ አለች፣ ሌላዋ ደግሞ ዱሮም ዓይኗ አያምርም አለች። ከሁሉ የከፋባት ግን የገዛ እጇ ነው። ይንቀጠቀጣል።

«ሌባ ባትሆን ምነው ተንቀጠቀጠች?» ተባለ።

ነገሩን የያዘው ሃምሳ አለቃ አለበል የጭልጋ ሰው ነው፤ ወሬ የማይወድ። መጀመሪያ የተጠራጠረው ቀለበቱን የሠራውን አንጥረኛ አያ ሰጠኝን ነበር። ምናልባት ብሩን በወርቅ ለብጦ ሸጦላቸው፣ ልባጩ ለቆ ይሆናል። አያ ሰጠኝ መጥቶ በልጆቹ ማለ። አለበል አላመነውም። ሰንጢ አውጥቶ ቀለበቱን ፋቅ አደረገው።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነበት። ነጩ ከላይ፣ ቢጫው ከውስጥ ነው።

አንጥረኛውን አሰናብቶ ታየችን አስጠራት።

«ቀለበቱን ወስደሻል?»

«አልወሰድሁም።»

«እጅሽ ከመቼ ወዲህ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«ከጥምቀት ወዲህ፣ ጌታዬ።»

«ድድሽ ይደማል? አፍሽ ብረት ብረት ይልሻል?»

ታየች ቀና ብላ አየችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«በእጅሽ የምታሺው ነገር ምንድን ነው?»



የምታሸውንማ አሳምራ ታውቀዋለች። በክረምቱ መጨረሻ የሙሽራው አክስቶች ልጅቱን ሊያዩ መጥተው ነበር። ሲወጡ አንደኛዋ፣ «ልጅቱስ ሸጋ ናት፤ ግን ጠቆር አላለችም? አጥንቷ ተጠይቋል?» አለች። በዚያ አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ጥቁረት ዘርን ያሳማል፣ የታማ ዘር ደግሞ አያገባም። ወይዘሮ ሸዋገነት ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። በሳምንቱ ከአስመራ የሚመላለስ ነጋዴ፣ የፈረንጅ ሴት ሥዕል ያለበት ጣሳ ሙሉ ቅባት አመጣላቸው። ይመኙሽ እንደ ወጉ ፀሐይ እንዳይነካት ጓዳ ገባች። ስትነጣም ጥላ ነው የጠቀማት ተባለ። እሜቴ ቅባቱን በእንጨት እየቆነጠሩ ይሰጣሉ፤ ታየች የልጅቱን ፊት፣ አንገትና ክንድ በመዳፏ ታሻለች። ለማንም እንዳትናገር መድኃኔ ዓለምን ጠርተው አስምለዋታል። ታየች ደግሞ መሐላ ከምታፈርስ እስር ቤት ብትበሰብስ ይሻላታል።

አለበል አልጮኸባትም። ፍም አስመጥቶ ግቢው መካከል አኖረ፣ እሷን ራቅ በይ ብሎ እሱ ነፋሱን በጀርባው ይዞ ቀለበቱን ፍሙ ላይ ጣለው። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ጠፋ። ቀለበቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ።

«ባዜቃ ነው፤ ያ እንደ ውሃ የሚፈሰው ብር መሳይ ማዕድን» አላት። «አባቴ የቤተ ክርስቲያን መስቀል በወርቅ ሲለብጥ በባዜቃ ነበር የሚሠራ። ባዜቃ ወርቅን ሲነካ እንዲህ ያነጣዋል። የተሰረቀ ነገር የለም።»

ታየች ነጻ ወጣሁ ብላ ማርያምን አመሰገነች።

«ቆይ። በእጅሽ የምታሺውም ባዜቃ አለበት። አባቴ እጁ መጀመሪያ እንዳንቺ ተንቀጠቀጠ። ኋላ ዋንጫ ወደ አፉ ማድረስ አቃተው፣ ጥርሱ ረገፈ፣ ገላው አብጦ ሞተ።»

ታየች የይመኙሽ ፊት ታያት። ጉንጯ ሞልቷል፣ ዓይኗ ጠቧል፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲጫኑት ይጎደጉዳል። እንግዳው ሁሉ ሙሽራችን ወፈረች፣ ተመቻት እያለ እልል ይልላት ነበር።

«ትሞታለች?» አለች፣ ሳታስበው።

«ማን ናት የምትሞተው?»

ከቤቱ ሙሽራ ሌላ የምታሻት እንደሌለች አለበል ገባው። እናትና ልጅ ተጠሩ።

ወይዘሮ ሸዋገነት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ልጅቱ ስለምትቀባው ሲጠየቁ ቅባት የሚባል አላውቅም፣ ካለም ይቺው ሌባ ያመጣችው ነው አሉ። አለበል ወደ ይመኙሽ ዞረ።

«የቀባሽ ማን ነው?»

«ታየች» አለች ይመኙሽ።

ውሸት አይደለም። ታየች ግን ከሰማችው የሐሰት ምስክርነት ሁሉ የዚህን ያህል የጎዳት አልነበረም።

«ወይዘሮ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አለ አለበል። ዘረጉለት። ጸጥ ያለ፣ ለስላሳ እጅ ነው። «እርስዎ ልጅዎን ራሷን ሲሠሯት፣ ሲያጥቧት ጎረቤት ያያል። ይህን አንዱን ግን በእጅዎ አልነኩትም። ምነው?»

«ነጋዴው በእጅሽ አታዘውትሪው ስላለኝ ነው» አሉ። ያሉት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ገባቸው።

ታየች መዳፎቿን ወደ ቀሚሷ እጥፋት ሸሸገች። አሳዳጊዬ የምትላቸው ሴት እያወቁ ነው በእሷ እጅ ያሠሩት።

ወይዘሮ ሸዋገነት ከዚያ በኋላ አልካዱም። ለልጃቸው ፊት የሚከፋ አልመሰላቸውም ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ቀብተው ሊያቆሙ አስበው፣ ሠርጉ ሲገፋ እሳቸውም ቀጠሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ታየችን ለምን እንደ ከሰሱ ሲጠየቁም በግልጽ ተናገሩ።

«የቅባቱ ወሬ ቢወጣ ሠርጉ ይፈርሳል፤ ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ትታማለች። ገረድ ሌባ ብትባል ግን ማን ይደንቀዋል?»

አለበል ቀለበቱን ለይመኙሽ አሳያት። «ማን ነው በጣቱ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። አማረኝና የተቀባሁ ዕለት አድርጌው ዋልሁ። በጣቴ ላይ ነጣ። ለእምዬ ነገርኋት።»

ታየች ሰማች። ይመኙሽ መጋረጃው ኋላ አንገቷን የደፋችው ሐፍረት ይዟት አልነበረም። ታየች ሌባ እንዳልሆነች ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች።

አለበል ጣሳውን ከቤት አስወሰደ። እናቲቱ ለጥያቄ ቀሩ፣ ልጅቱ ሐኪም ቤት እንድትወሰድ ታዘዘ፣ ታየች ተለቀቀች። የጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ይመኙሽ ነጠላዋን ያዘቻት። ታየች ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብላ ቆመች። ብትጠይቃት ኖሮ ምናልባት ታለቅስ ነበር፣ ምናልባትም አብራት ትመለስ ነበር።

«ሁለተኛውን ጣሳ አላገኙትም አይደል?» አለች ይመኙሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እምዬ የምታኖርበትን ታውቂያለሽ። አምጭልኝ። ሠርጉ እስኪያልፍ ብቻ።»

«ይገድልሻል እኮ። አልሰማሽም?»

«ጠቁሬ ከምመለስ ይግደለኝ። ደግሞ ምለሻል።»

ታየች ያበጠውን ፊት አየችው። ነጠላዋን ከጣቶቿ ቀስ ብላ አላቀቀችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሌላ ጣሳ አለ» አለች። «ከዱቄቱ እንስራ ሥር።»

ከኋላዋ ይመኙሽ «ከዳሽኝ!» ስትል ሰማቻት። ታየች ዞር ብላ አላየቻትም። የኮሶዬ ማኪና ወደምትቆምበት ሄደች።