የከማሉ የጓሮ ሐዲድ

ከማሉ በገዛ ጓሮው በደረቱ ተዘርግቶ፣ ሁለቱን መዳፎቹን በሁለቱ ሐዲዶች ላይ እንደ ጫነ ሞቶ ተገኘ። ትንሿ የአሻንጉሊት ባቡሩ ከራስጌው፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ቆማለች። ከበረንዳው ሶኬት የተነሣ ሽቦ መሬት ለመሬት ተጎትቶ መጥቶ፣ ከተላጡት ጫፎቹ አንዱ በቀኙ፣ ሌላው በግራው ሐዲድ ላይ ተጠምጥሟል።

የሱዳኗ ገዳሪፍ ሳምንቱን ሙሉ በጨለማ ሰንብታ መብራት ያየችው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ ፍርድ ለመስጠት አልዘገየም። «ጠፍታ ጠፍታ ስትመጣ ሰው ይዛ ሄደች» ተባለ።

ሣህሊቱን ፖሊስ ያስጠራት ለአስተርጓሚነት ነው። ጎንደር ሳለች ስሟ የታወቀ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ድንበር ተሻግራ ከመጣች ወዲህ ግን ከዚያ ሁሉ ሙያ የቀራት ምላሷ ብቻ ነው፤ የስደተኛውን አማርኛ ለሱዳን መኮንኖች በዓረብኛ ትመልሳለች። ውሸት መሆኑን እያወቀች ውሸቱን እንዳለ ታስተላልፋለች። አንጀቷን ሲያሳርራት የኖረው ይኸው ነው።

የጣቢያው ሹም ነቂብ ዑስማን፣ በእኛ ሻምበል መሆኑ ነው፣ ላቡን እየጠረገ ተቀበላት።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ይህ ሰው የኮረንቲ ሥራ ያውቃል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ሽቦውን በእጁ ይዞ አስከሬኑ አጠገብ ተገኘ። ቃሉን ተርጉሚልኝና ኸላስ፣ እንሂድ።»

ከግንቡ ሥር እጁን ታስሮ የተቀመጠው ላቀው ነው። በገበያው ራዲዮ እየጠገነ የሚኖር ስደተኛ ነው፤ ሣህሊቱም ታውቀዋለች።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ በማርያም!» አለ እንዳያት። «ገላባት ወስደው ለመተማ ሊያስረክቡኝ ነው። ከጦሩ ከድቼ መምጣቴን ታውቂያለሽ። ከተሻገርኩ የሚጠብቀኝ ጥይት ነው።»

«ምን ይላል?» አለ ነቂቡ።

«አልገደልኩም ይላል።»

«ሁሉም እንዲያ ይላል።»

ሣህሊቱ ወደ ላቀው ዞረች። «ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«በባትሪ ነዋ! ይህች ባቡር ኮረንቲ የምትወስደው ከሐዲዱ ነበር፤ በመንኰራኩሮቿ በኩል። አቧራ ሐዲዱን በሸፈነ ቁጥር ትቆማለች። አቧራውን ስንጠርግ መብራቱ ይጠፋል። ከማሉ በንዴት ሊሞት ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ከመንኰራኩሮቿ የሚመጣውን ሽቦ ቆርጬ፣ ከኋላዋ ባለው ፉርጎ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ደርድሬ፣ ሞተሯን ከዚያ ቀጠልኩላት። ሄደች። ግን ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል። ትናንት የሞተር ብስክሌት ባትሪ ብንጭንባት ከብዷት መታጠፊያው ላይ ተገለበጠች። 'ባቡሬን ገደልካት!' ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ድንጋዮቹን መለስንና ስቀን ተለያየን። ዛሬ አዲስ ድንጋይ ይዤለት ብመጣ ወድቆ አገኘሁት። ኮረንቲ የያዘው መስሎኝ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ሰዎች ሲገቡ ሽቦው በእጄ ነበር።»

ሣህሊቱ ሁሉንም ተረጎመችው። ነቂቡ እጁን አወናጨፈ። «በባትሪ ትሂድ በውሃ ትሂድ፣ ሽቦው ሐዲዱ ላይ ነው!»

እርሷ ግን ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር።

«አትንኪ! አንቺ ተርጉሚ ብቻ!»

«ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ጌታዬ።»

የሟቹን መዳፎች ገለበጠቻቸው። ለስላሳ ናቸው፤ የቃጠሎ ነጥብ እንኳ የለባቸውም። ቡናማውን ሐዲድ በጥፍሯ ፋቅ አደረገች። ቀጥላ ፊቱን ቀና አደረገችው። በአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያ ሮዝ መልክ ያለው ብናኝ ተለጥፏል። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ተሞርዶ እንደ ሕፃን ጥርስ አንሷል፤ በአጠገቡ የቃጫ ክር ተሰክቷል። ከባትሪው ፉርጎ ቀጥሎ ባለው ክፍት ፉርጎ ውስጥ ደግሞ እፍኝ የማይሞላ ማሽላ አለ። ማሽላውም ሮዝ ነው።

በረንዳው ላይ የሟቹ ሚስት ባሕሪያ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ ደርቆ ተቀምጣለች። ሣህሊቱ አጠገቧ ዝቅ አለች።

«አላህ ያጥናሽ። ይህን ሐዲድ ትወጂው ነበር?»

«ወላሂ ጠልቼው ነበር» አለች ባሕሪያ ሳትሸሽግ። «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን የአሻንጉሊት ባቡር የሚያስኬድ ሰው ሚስት መባል ያሳፍራል። አገሩ ከገባ ግሪካዊ ገዝቶ ሁለት ክረምት ታገለለት። ጥቁሩ አፈር በበጋ ይሰነጠቅና ሐዲዱን ያጣምመዋል፤ በክረምት ያብጥና ይገለብጠዋል። እሱ ይቆፍራል፣ ጠጠር ይሞላል፣ እንደገና ይቆፍራል። ባለፈው ሳምንት ግን ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ እሷ ብቻ ስትሄድ እንደ ልጅ እያለቀሰ ጠራኝ። አብሬው አየሁ።»

«ይህ የፊት ጥርሱስ?»

«ወርቅ የለበሰ ነው።»

«አሁን ወርቁ የለም።»

ባሕሪያ ደነገጠች። «ጠዋት ለለቅሶ ስወጣ ነበረው!»

«ፉርጎው ላይ ያለው ማሽላስ?»

«የዘር ማሽላ ነው፤ ነቀዝ እንዳይበላው መርዝ የተቀባ። ዶሮ ብትለቅመው አትተርፍም። ከገበያ፣ ከሚበላው እህል መሐል ዘግኖ አምጥቶ ሲያገላብጠው ነበር። ፊቱ ተለዋወጠብኝ። ምንድን ነው ብለው 'ባለቤቱ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ' ብሎ ዘጋኝ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ጀማሉ ከጓሮው በር ውጭ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ቆሞ ያለቅሳል። እህል በጭነት መኪና ያመላልሳል፤ መኪናው በጓሮው በር በኩል ቆሟል።

«መቼ ገቡ?» አለችው ሣህሊቱ።

«ጩኸቱን ሰምቼ ነው የደረስኩት፣ እኅቴ። ከሰሊጡ አጨዳ ጀምሮ ኒው ሀልፋ ነበርኩ። ዛሬ ብመጣ የጠበቀኝ ሬሳው! ስንት ጊዜ መከርኩት፤ 'ከኮረንቲ ጋር አትጫወት፣ ይህ ሐዲድ አንድ ቀን ይጨርስሃል' እያልኩ። አልሰማኝም።»

«ሲመጡ ባቡሯን አይተዋታል?»

«የወንድሜን ሬሳ እያየሁ ባቡር ላይ?»

ሣህሊቱ ነቂቡን ወደ ጎን ጠራችው። ሰውዬው በኮረንቲ አልሞተም፣ የመኪናው ጆንያዎች ይፈተሹ አለችው። እሱ ግን ቀብሩ እንዳይዘገይ፣ ሐኪሙ ወደ ድንበሩ ወደ ሐምዳይት ሄዶ እንዳልተመለሰ፣ ሙቀቱም እንዳልተቻለ ደረደረላት። በመጨረሻም «ቡክራ» አለ። ነገ ማለቱ ነው። በዚህ ከተማ ሣህሊቱ ለጠየቀችው ነገር ሁሉ መልሱ ነገ ነበር።

«እንግዲያው የላቀውን ቃል በጽሑፍ ተርጉሜ አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«ያለ ተፈረመ ቃል ወደ ገላባት አትልከውም። አስተርጓሚ ደግሞ ሌላ የለህም። ነገ ጠዋት ሁሉንም እዚሁ ሰብስበህ ስማኝ። የምለው ከንቱ ከሆነ የፈለግኸውን እተረጉማለሁ። እስከዚያ መኪናው ከዚህ እንዳይነቃነቅ ዘበኛ አቁምበት።»

ነቂቡ ተሳደበ። ዞሮ ዞሮ ግን እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በማግስቱ ከቀብር መልስ፣ ሐዘንተኛው በደጅ በድንኳኑ ተቀምጦ ሳለ፣ ባሕሪያ፣ ጀማሉ፣ የታሰረው ላቀውና ነቂቡ ከሁለት ፖሊሶች ጋር በጓሮው ቆሙ። ሣህሊቱ ሽቦውን ከአምፖል ጋር አስቀጥላ በሐዲዱ ላይ ልትሞክረው አስባ ነበር። ገና ሳትጀምር መብራት ጠፋ። ከጎረቤት የሚሰማው የራዲዮ ድምፅ ቀጥ አለ።

ነቂቡ ሳቀ። «ይኸው! ቡክራ።»

ሣህሊቱ አምፖሉን ወደ ጎን አኖረች። ጎንበስ አለችና የባትሪውን ፉርጎ ማብሪያ ጫን አደረገች። ባቡሯ ዚዝ አለች፤ ተነቃነቀች፤ ከዚያ ሎሚውን ዞራ በድንጋዩ ድልድይ ላይ እየተንገጫገጨች አለፈች። ባሕሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፖሊሶቹ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ነቂቡም ቢሆን ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«ጌታዬ» አለች ሣህሊቱ፤ «አሁን እዚህ የቆሙትን ሁሉ አይቻለሁ። ሁላችሁም ባቡሯን ተመለከታችሁ። አንድ ሰው ብቻ መጀመሪያ ወደ ሶኬቱ ዞረ፤ ሽቦው ተሰክቶ እንደሆነ ለማየት። ጀማሉ፣ ምን ፈለግህ?» ከትናንት አንቱታዋ ምንም አልቀራትም።

«ምንም! መብራት የለም፤ እንዴት ትሄዳለች ብዬ ነው።»

«አዎ። አንተ ብቻ አታውቅም።»

ከዚያ ለጀማሉ በአማርኛ፣ ለነቂቡ በዓረብኛ እየመላለሰች ተናገረች።

«ከማሉ በኮረንቲ አልሞተም። ኮረንቲ የያዘው እጅ ይቃጠላል፤ የእሱ አልተቃጠለም። ለምን እንዳልተቃጠለ ደግሞ ይኸው።» በምስማር ሐዲዱን ፋቀችው። ከቡናማው ሥር የሚያብረቀርቅ ብረት ወጣ። «ላቀው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የዘይት ቀለም ነው። ባቡሯ በባትሪ ስትሄድ ሐዲዱ ባዶ ብረት መሆን አያስፈልገውም። እንዳይዝግ እኔና ከማሉ ቀባነው።»

«በቀለም ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ሰው አይገድልም። ሽቦው የመጣው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው፤ ለማስመሰያ። አሁን ጥያቄው ይህን ማስመሰያ ማን መረጠ ነው። ላቀው ቢሆን ቀለሙን የቀባው ራሱ ነው፤ ውሸቱ እንደማይሠራ ያውቃል። ደግሞስ ኮረንቲ አዋቂ ሰው ገድሎ ጥፋቱን በኮረንቲ ያሳብባል? ባሕሪያ ብትሆን ባቡሯ በጨለማ ስትሄድ ከባሏ ጋር ቆማ አይታለች፤ ከሐዲዱ ጋር ኮረንቲ እንደማይገናኝ ታውቃለች። ይህን ውሸት የሚመርጠው ባቡሯን ያወቃት ድሮ የሆነ ሰው ነው። ከሰሊጥ አጨዳ ጀምሮ ያላያት ሰው።»

«በምን ሞተ ታዲያ?» አለ ነቂቡ። ይህን ጊዜ «ተርጉሚ ብቻ» ማለቱን ረስቶት ነበር።

«በጆንያ ታፍኖ። አፍንጫው ላይ ሮዝ ብናኝ ነበረ፤ ጥርሱ ውስጥ ቃጫ። ነፍሱ ስትወጣ ጆንያውን ነክሶታል። የነከሰበት ጥርስ የወርቅ ልባሱን አጥቷል። ሮዙ ደግሞ የመርዝ ዘር ቀለም ነው። ከማሉ ያን ዘር በገበያ ለምግብ ሲሸጥ አግኝቶ ባለቤቱን ሲጠብቅ ነበር። ትናንት ባለቤቱ ከኒው ሀልፋ ገባ፤ በጓሮ በር። ጌታዬ፣ አሁን መኪናውን አስፈትሽ።»

ፖሊሶቹ ብዙ አልቆዩም። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር የተጠቀለለ ባዶ ጆንያ አምጥተው ሲዘረጉት ውስጡ ሮዝ ነው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተጎትቶ ተቦጭቋል። እዚያው እጥፋቱ ውስጥ የወርቁ ልባስ ተጣብቋል።

ባሕሪያ ጮኸች። ጀማሉ በሐዲዱ ላይ ተቀመጠ።

«አጥቤዋለሁ» አለ። «ቀለሙ እስኪለቅ አጥቤዋለሁ፤ ወላሂ! ከታጠበ ምንም አይልም ብለውኛል። እሱ ግን ለመንግሥት እናገራለሁ አለ። ወንድሙን! ወባ አድክሞት ነበር፤ ዝም ላሰኘው ብዬ ነው እንጂ...»

«የታጠበው የት ደረሰ?» አለች ሣህሊቱ።

ጀማሉ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። «የት ደረሰ?»

«ኡም ጋርጉር፣ ስደተኞቹ ካምፕ። ትናንት ጠዋት ነው ያራገፍኩት።»

ላቀው ተፈታ። ነቂቡ ከልቡ አመሰገናት፤ ስለ ካምፑ ግን መሥሪያ ቤቱ ሌላ ነው፣ ደብዳቤ መጻፍ አለበት አለ። ሣህሊቱ የቀረውን አልሰማችም። ባሕሪያ የሐዘን ልብሷን ሳትለውጥ የባሏን ጎተራ ከፈተች፤ ንጹሑን ማሽላ በዚያው በጀማሉ መኪና ላይ አስጫነች። እሷ፣ ሣህሊቱና ላቀው ከጆንያው ላይ ተቀምጠው ወጡ።

ኡም ጋርጉር ሲደርሱ ማሽላው ተከፋፍሎ ነበር። ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ «አትብሉት፣ መርዝ ነው! መልሱ፣ በልኩ ንጹሕ እንሰጣችኋለን!» ብለው ጮኹ። የሰማቸው ጥቂት ነው። ስንቱ መኪና እሰጣለሁ ብሎ ወስዶባቸው ያውቃል! አንዳንዱ ቅሉን ከኋላው ደበቀ፤ አንዳንዱ ሰደባቸው። ላቀው ሲለምን ድምፁ ተዘጋ። ሣህሊቱ አንድ ነፍሰ ገዳይ በግማሽ ቀን ለይታ፣ አንዲት እናት ግን እፍኝ ማሽላ ማስጣል አቃታት።

ሴትዮዋ አሰጋሽ ትባላለች። ያበጠ ሆድ ያለው ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ የማሽላ ከረጢቷን በደረቷ አቅፋለች።

«እኔ ማሽላዬን ልስጥሽ፤ ያንቺም መርዝ ቢሆንስ?» አለች። «ማን ያውቅልኛል?»

ሣህሊቱ ማስረዳት ፈለገች። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ወርቁ ጥርስ ብዙ የምትለው ነበራት። የሴትዮዋን ዓይን አየችና ሁሉንም ተወችው። ከባሕሪያ ጆንያ እፍኝ ሙሉ ማሽላ ዘግና ጥሬውን ወደ አፏ ከተተች። እንደ ጠጠር የጠነከረውን እህል እያደቀቀች አላመጠች። አሰጋሽ የመንጋጋዋን እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎም የጉሮሮዋን፣ ዓይኗን ሳትነቅል ተከተለች። የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትዋጥ ጠበቀች።

ከዚያ ከረጢቱን ከደረቷ ላይ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ከኋላዋ ያሉትም ሴቶች አንድ በአንድ ቅላቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ።